በፈተናው ቀን ያረፈችው አውሮፕላን

የወንድሜን ሚስት ሥራ ለሰው ስናገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ። ተንኮል አልነበረኝም፤ ስላላወቅኩ ነው። ጸጉር ቤቴ ሃንፖ ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው። አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ሲሉ ጣሪያዬን ሊገፉት ምንም አይቀራቸውም፣ ያኔ ወሬያችን ይቋረጣል፣ ካስክ ሥር የተቀመጠችው ደንበኛዬም፣ "ቦንሱን፣ ያቺ ምራታችሁ አየር ማረፊያው አይደል የምትሠራው? ምንድን ናት?" ትለኛለች። "ያቺ ሁለት ቀይ ዱላ ይዛ ለአውሮፕላን የምታውለበልበዋ ናታ!" እላለሁ። እናቴም ለጎረቤት የምትለው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ራሷ ሰማችኝና፣ "እትዬ፣ ዱላ የሚያውለበልቡት ሌሎች ናቸው። እኔ ማማው ላይ ነኝ" አለችኝ። "ታዲያ ማማው ላይ ምን ትሠሪያለሽ?" ብላት፣ "እናገራለሁ" አለች። ለመናገርማ እኔም ቀኑን ሙሉ እናገራለሁ፤ ደሞዝ የሚከፍለኝ መንግሥት ግን አላየሁም።

ስሟ ታክ ሚራን ነው። ታናሽ ወንድሜ ኪሱ ሊያገባት ቤት ያመጣት ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። የባሕር ሣር የሚያመርቱ ሰዎች ልጅ ናት። ልጅ ሳለች የመንደሩ ጀልባዎች ባሕር ላይ ሲውሉ፣ እሷ ወደብ ላይ ካለችው ራዲዮ አጠገብ ተቀምጣ የነፋሱን ነገር ለአባቷ ትነግረው ነበር አሉ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። ስትቆጣም ያው፣ ስትስቅም ያው። እኔ ደግሞ ከዚህ የጮህኩት ወደብ ድረስ የሚሰማልኝ ሰው ነኝ፤ እንዴት እንዋደድ? ጨጓራዬን የምትልጠው በዝምታዋ ነበር።

አንድ አመል አላት። የነገረችህን ሳትደግምላት አትለቅህም። ኪሱን ለአኩሪ አተር አይብና ለባሮ ሽንኩርት ገበያ ስትልከው፣ "ሁለት ቶፉ፣ አንድ እስር ባሮ" ትለዋለች። እሱ "እሺ" ብሎ ሊወጣ ሲል፣ "ድገመው" ትለዋለች። ወንድሜ፣ የስድስት ጫማ ሰውዬ፣ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ተማሪ "ሁለት ቶፉ፣ አንድ እስር ባሮ" ይላል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ለእናቴ የመድኃኒቷን ሰዓት ስትነግራት ሳይቀር ታስደግማታለች።

"ምነው ሚራን፣ ደንቆሮዎች መሰልንሽ?" አልኳት አንድ ጊዜ።

"አይደለም እትዬ። አብራሪው ያልኩትን መልሶ ካልነገረኝ ሰምቷል ብዬ አልቀበልም። የሚበርበትን ከፍታ ነግሬው ‘አዎ’ ቢለኝ ዋጋ የለውም። አዎማ ሁሉም ሰው ይላል።"

"ላም አለኝ በሰማይ!" አልኳትና ወደ ጸጉር ሥራዬ ተመለስኩ። ያን ቃሏን ግን በኋላ አስታወስኩት።

በኛ አገር የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር ላይ ነው። ያን ቀን መሥሪያ ቤቱ አርፍዶ ይከፈታል፣ የዘገየውን ልጅ ፖሊስ በሞተር ብስክሌት ያደርሰዋል። እናቶች የባሕር ሣር ሾርባ አያበስሉም፣ ያዳልጣላ! ልጁ ፈተናው ላይ ቢንሸራተትስ? ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ፈተና ሲደርስ ደግሞ፣ ከሰባት ሰዓት ከአምስት ጀምሮ ለሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ በአገሩ ሁሉ አውሮፕላን አይነሣም፣ አያርፍም። የመጣው ሁሉ ከላይ እየዞረ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ለልጆች ጆሮ ነው።

ልጄ ዳሶም ያን ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ልትፈተን ነበር። ከትንሽነቷ ጀምሮ የሕፃናት አስተማሪ ልሁን ነው የምትለው። የመጀመሪያውን ዓመት ትኩሳት ይዟት ገባች። በሁለተኛው በትንሽ አመለጣት። አሁን የመምህራን ዩኒቨርሲቲው እንዲወስዳት እንግሊዝኛ ላይ ዘጠና ማምጣት ነበረባት፣ አንድ ነጥብ አይጎድልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ በፀሐይ ስትሄድ አላየኋትም። እኔም መቶ ቀን ቤተ መቅደስ እየሄድኩ በየቀኑ መቶ ስምንት ጊዜ ሰግጃለሁ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ይነግረኛል። የመፈተኛ ቦታዋ ሲነገር ደግሞ የት ሆነ? ከኔ ጸጉር ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ትምህርት ቤት! ቀጥታ ከአውሮፕላኖቹ መስመር ሥር!

አንድ ካርቶን ፖም ይዤ ሚራን ቤት ሄድኩ።

"አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ" አልኳት።

"ምን ልግባልሽ?"

"በዚያች ሰዓት በዚያ ትምህርት ቤት ላይ ዝንብ እንዳታልፍ።"

"ማንም አያልፍም እትዬ። ደንብ ነው። የዚያን ቀን ፈረቃ ደግሞ እኔው ነኝ።"

"ደንቡን አውቃለሁ። አንቺ ቃል ግቢልኝ ነው የምልሽ።"

"ቃልማ አልገባም።"

ደሜ ፈላ። "ለምን?"

"የታመመ ሰው የያዘች ወይም ሞተሯ የተበላሸ ከመጣች አሳርፋለሁ። እሱም ደንብ ነው።"

"ለዳሶም እንኳ?"

"ለዳሶም እንኳ።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ያው ነው፣ ቶፉ እንደማዘዝ። ፖሙን ይዤ መመለስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ኪሱ ወደ ጓዳ አስገብቶት ስለነበር ተውኩት።

የፈተናው ቀን ጸጉር ቤቱን ዘግቼ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ነፋስ ነበር፣ ከባሕር የሚመጣ ብርድ ያለው ነፋስ። ሰባት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ከተማው ጸጥ አለ። ዓሣ ሻጮቹ እንኳ አልጮኹም፣ ባሱም ጥሩምባ አልነፋም። መቁጠሪያዬን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሰማሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ ድምፅ ሥር ጸጉር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ገና ሩቅ ሳለ አውቀዋለሁ። አጠገቤ የቆመችው ሴት "ምንድን ነው? ኧረ ምንድን ነው?" አለችኝ። ከዚያ በዓሣ ገበያው ላይ ብቅ አለች፣ ጎማዋን አውጥታ፣ ነጭ ሆዷን እያሳየች። በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ አለፈች። እናቶቹ ወደ ሰማይ ጮኹ። አንዷ ጫማዋን አውልቃ ወረወረች። እኔ ብቻ አልጮህኩም። ማን እንዳስገባት አውቃለኋ።

ዳሶም አመሻሽ ላይ ከሌሎቹ ጋር ወጣች።

"እንዴት ነበር?"

"አንድ አመለጠኝ። ማዳመጡ ላይ።"

"በአውሮፕላኑ?"

"እማዬ፣ ርቦኛል" አለች። በማግስቱ ከወጣው መልስ ጋር ስታስተያየው ሰማንያ ስምንት ሆነ። ያቺ ያመለጠቻት ጥያቄ ሁለት ነጥብ ነበራት።

ቅዳሜ እናቴ ቤት ለብርዱ ወራት የሚቀመጠውን የጎመን ኪምቺ የምንሠራበት ቀን ነበር። በየዓመቱ ሰማንያ ጎመን እናዘጋጃለን። ጨው ውስጥ ያደረውን ጎመን ኪሱ እያጠበ ያቀብላል፣ እናቴ፣ እኔና ዳሶም ግቢ ውስጥ በተነጠፈው ላስቲክ ላይ ተቀምጠን በርበሬውን ቅጠል በቅጠል እንቀባለን። ሚራን ከሥራ ወጥታ መጣች። እጇን ታጥባ፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ፣ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔ ሰላምታ አልሰጠኋትም። አሥር ጎመን ያህል ቀባን።

መቼም ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። "ስንት ሰው አሳረፍሽ ሐሙስ ዕለት?" አልኳት።

"መቶ ስድሳ አንድ" አለች። እኔ ለስድብ ነበር የጠየቅኳት፣ እሷ ቆጥራ መለሰችልኝ!

"ልጄ ፈተና ላይ ሳለች?"

እናቴ "ተይ አንቺ" አለችኝ። ሚራን ግን ጎመኗን አስቀመጠችና ነገረችን። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ሥራዋ ያን ያህል ስትናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

"አራት አውሮፕላን በምሥራቅ በኩል፣ ከተራሮቹ በላይ ይዞሩ ነበር። አንዷ ከአንዷ በላይ፣ እንደ ደረጃ። ሁለተኛዋ ከደሴት የመጣች ናት። ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ አብራሪው ጠራኝ። ስድሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ደረቱን ይዞ ወድቋል፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ነርስ ደረቱን እየተጫነችለት ነው አለኝ።"

"እና?" አለች እናቴ።

"እና ከሥሩ ያለችውን ወደ ደቡብ አወጣኋት፣ ለእሱ መንገዱን ከፈትኩለት። አምቡላንስና እሳት አደጋ አስጠራሁ። ማኮብኮቢያው ላይ የነበረውን መኪና አስወጣሁ። ነፋሱን ነገርኩት። አረፈ።"

"አለቀ?" አልኳት።

"አለቀ።"

አላለቀም ነበር። ያን የማውቅ ሰው ነኝ እኔ፣ ከመስመሩ ሥር የምኖር። "ሚራን፣ አንዳንድ ቀን እኮ በኛ በኩል አይመጡም። በባሕሩ በኩል ነው የሚያርፉት፣ ጣሪያዬ ላይ ድምፅ የለም፣ ቀኑን ሙሉ። በዚያ በኩል አይቻልም ነበር?"

ኪሱ ጎመን ማጠቡን አቆመ። ሚራን ጓንቷን አወለቀች።

"ይቻል ነበር" አለች።

"ምን?!"

"ርቀቱ አንድ ነው፣ ነፋሱ ነው ልዩነቱ። አውሮፕላን ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ ሲያርፍ ቶሎ ይቆማል። ከጀርባው ሲሆን ይገፋዋል። ያን ዕለት ነፋሱ ከባሕር ነው፣ ዘጠኝ ይላል መለኪያው። ከጀርባ እስከ አሥር ይፈቀዳል። በባሕር በኩል ትመጣለህ ወይ ብለው እሺ ይለኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አላልሽውም? ለምን?!"

"እትዬ፣ አዎ ሁሉም ሰው ይላል። ከኋላው ሰው እየሞተበት ነው፣ ከማማው የሰማውን ሁሉ ለደኅንነቱ የተባለ ነው ብሎ ይቀበላል። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ለእሱ ብዬ አልነበረም። ለሰውየውም፣ ለመቶ ስድሳው ሰውም አልነበረም።" ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "ለዳሶም ነበር። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኜው ነበር እኮ! አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ለቀቅኩት፣ እንደገና ተጫንኩትና ነፋሱን ብቻ ነገርኩት።"

እጄ ላይ የነበረውን ጎመን በርበሬው ውስጥ ወረወርኩት። ፊቷ ላይ ተረጨ። ዓይኗ ውስጥ ገባ መሰለኝ፣ ግን አልጠረገችውም።

"ሰውየውስ ዳነ?" አልኳት።

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም!"

"አይነገረንም። እኔም አልጠየቅኩም።"

"የልጄን ዕድል የሰጠሽው ሰው ስሙን እንኳ አታውቂም?"

"ለያንዳንዷ አውሮፕላን አንዲት ቀጭን ወረቀት አለችን። መጠሪያዋ፣ ከፍታዋ፣ ሰዓቷ ይጻፍባታል። የሰው ስም አይጻፍም።"

ይህን ጊዜ ዳሶም ተናገረች። እስከዚያ ድረስ ቀና እንኳ አላለችም ነበር። "እማዬ፣ በቃሽ። አውሮፕላኑን ሰምቼዋለሁ። አስተማሪው መስኮቱን ዘግቶት ስለነበር ቃሉ ይሰማ ነበር፤ ጎኔ ያለችው ልጅ በትክክል መልሳዋለች። እኔ ግን ድምፁን ስሰማ፣ አክስቴ በዚህ ሰዓት ካሳረፈች የታመመ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ማን ይሆን እያልኩ ጥያቄው አለፈኝ። ድምፁ አይደለም የጣለኝ፣ እኔው ነኝ ያሰብኩት።"

እናቴ በእርጥብ ጨርቅ የሚራንን ዓይን ጠረገችላት። ኪሱ ቆይቶ ለብቻዬ ነገረኝ፦ ሐሙስ ዕለት ከሥራ ሲመለስ ሚስቱን ቤታቸው በር ላይ ቆማ አገኛት። በሩ የሚከፈትበትን የምስጢር ቁጥር ረስታዋለች። አሥር ዓመት የከፈተችው በር! "ስንት ደቂቃ ቆምሽ?" ቢላት "አላውቅም" አለችው። ደቂቃ የማታውቅ ሚራን፣ እስቲ አስቡት።

እኔ ግን አልበረደልኝም። ውጤቱ ታኅሣሥ ላይ ሲወጣ ያው ሰማንያ ስምንት ነው፤ የመምህራን ዩኒቨርሲቲው አልወሰዳትም። አራተኛ ፈተናም እምቢ አለች። እኔ ደግሞ ሰውየውን ልፈልገው ተነሣሁ። ጸጉር ቤት ያላት ሴት ፖሊስ አያስፈልጋትም። የዓሣ ሻጯ ምራት ሆስፒታል ውስጥ ምግብ ታድላለች፣ በሦስት ቀን ሁሉንም አመጣችልኝ። ሰውየው ደሴት ላይ መንደሪን የሚያመርት ገበሬ ነበር። አዲስ የተወለደች የልጅ ልጁን ሊያይ ነበር የመጣው። እዚህ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ሞቷል።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አንዲት አፍታ፣ ደስ አለኝ። አፈር ልብላ፣ ሰው ሞቶ ደስ አለኝ። በሉ እንግዲህ፣ "ለሬሳ ነው የልጄን ዕድል የሰጠሽው" እላታለሁ ብዬ፣ አንድ ማሰሮ ኪምቺ ይዤ ሄድኩባት። በባዶ እጅ ለመሳደብም አይሄድም።

በሩን ከፈተችልኝ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ "ሰውየውን አገኘሁት" አልኳት።

እጇን ከፍ አደረገች። "እትዬ፣ አትንገሪኝ።"

"ልትሰሚው ይገባል!"

"አትንገሪኝ። ድኗል ካልሽኝ ደግ አደረግኩ ብዬ እኮራለሁ። ሞቷል ካልሽኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፉን ስጫን እሱ ትዝ ይለኛል። ለማይተርፍ ሰው ምን አስቸኮለኝ እላለሁ፣ በባሕር በኩል ትመጣለህ ወይ እላለሁ። አንዴ ማን ውስጥ እንዳለ መጠየቅ ከጀመርኩ መምረጥ እጀምራለሁ።" ማሰሮውን ከእጄ ወሰደችው። "ለዳሶም ግን ይቅርታ። ከልቤ ነው የምልሽ፣ እትዬ። እኔም በየቀኑ ያመኛል።"

አፌ ላይ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ! እንደ እሷ ያኔ፣ ቁልፉን ተጭኜዋለሁ። "ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ" ትላለች እናቴ፤ አንዴ ብለው መልሼ አላገኘውም። ዋጥኩት። "ኪምቺው ገና አልቦካም፣ ሳምንት ቆይተሽ ብዪው" አልኳት። እሷም አመል ነውና፣ "ሳምንት ቆይቼ" ብላ ደገመችልኝ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ ለሚራን አልነገርኳትም። በሕይወቴ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያስቀመጥኩት ነገር እሱ ብቻ ነው። ዳሶም ሃንፖ ኮሌጅ የጥርስ ሕክምና ረዳትነት ትማራለች፤ ደህና ናት፣ ትስቃለች። አንዳንድ ቀን ሕፃናት መዋያው አጥር አጠገብ ቆማ ስታይ አገኛታለሁ፣ ያን ጊዜ ዛሬም ሆዴ ይቃጠላል። ይህን ደግሞ አልደብቅም።

ባለፈው ኅዳር እንደገና የፈተናው ቀን ደረሰ። ሰባት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ካስኩን አጠፋሁ፣ ራዲዮኑን አጠፋሁ። የሩዝ ዳቦ የምትሸጠው ሴትዮ ጸጉሯ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ነበረች፤ የልጅ ልጇ እዚያው ትምህርት ቤት እየተፈተነች ነው።

"ምራታችሁ ዛሬም ሥራ ላይ ናት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ናት። ይህን ቀን በየዓመቱ ራሷ ናት የምትገባው።"

"ምንድን ነበር ያልሽኝ ሥራዋ? ዱላ ማውለብለብ?"

"አይደለም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ናት። ማማው ላይ ሆና፣ ማን መቼ እንደሚያርፍ የምትናገረው እሷ ናት።"

"በይ እንግዲህ፣ እንደዚያን ጊዜ ደግሞ እንዳታሳርፍብን!"

"ካሳረፈች" አልኳት፣ "ሰው አለ ማለት ነው።"

ሴትዮዋ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ጸጉሯ እርጥብ እንደሆነ፣ እስከ ሰባት ከአርባ ሁለታችንም ሰማዩን ስናዳምጥ ቆየን።